ለምሰሶ ጣዩ ክቡር፦ የሃያ አንድ ቀን መብራት ስለመጠየቅ

መርሳ፣ ጥር 13 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩ የከፍተኛ ኃይል ምሰሶ ጣይ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ሃያ አንድ ቀን ሳይቋረጥ መብራት እንዲፈቀድልን ስለማመልከት

አሰላሙ ዓለይኩም፤ ሰላምታዬ ከእርስዎ እምነት ጋር የማይሄድ ከሆነም ጤና ይስጥልኝ። ለመሆኑ እንደምን ከርመዋል? ወገብዎስ እንዴት ነው? ይህን የምጠይቀው ለወግ ያህል አይደለም። ከሐራ ወዲህ ባለው ሜዳ ላይ የጣሉትን ምሰሶ ባለቤቴ ከሩቅ አይቶት ነበርና፣ ያን የሚያህል ብረት አራት እግሩን ቆርጦ ለማጋደም ስንት ጎንበስ ቀና እንደሚፈጅ ሲነግረኝ ወላሂ አዘንኩልዎ። ቤተሰብ ደህና ነው? ልጆችስ? ልጆች ካሉዎት አላህ ያሳድግልዎት፤ በልጅ ነገር ቀልድ አላውቅም።

እኔ ረሂማ ዓሪፍ እባላለሁ። የመርሳ ከተማ ነዋሪ ስሆን ሃያ ስምንት ዓመት በመንግሥት መሥሪያ ቤት በታይፒስትነት አገልግዬ በጡረታ ተገልያለሁ። በእነዚያ ዓመታት ለየኃላፊው የጻፍኩት «በትሕትና አመለክታለሁ» አንድ ላይ ቢቀጣጠል ከዚህ ተነሥቶ ወልድያ ይደርሳል። ታዲያ ዛሬ ለራሴ ጉዳይ ልጻፍ ብዬ ብነሣ የምጽፍለት ባለሥልጣን ቸገረኝ። የመብራት ሠራተኞቹን ብጠይቅ መስመሩ ተመትቶ ስለሆነ ከአቅማችን በላይ ነው አሉኝ። ከእነሱ ከፍ ወዳሉት ብሄድ የፀጥታ ጉዳይ ስለሆነ ከአቅማችን በላይ ነው አሉኝ። ከዚህ ሁሉ አቅም በላይ ያለው ማን ነው ብዬ አንድ ቀን ሙሉ ሳሰላስል እርስዎን አገኘሁ፤ በቀጥታ ለበላይ አካል መጻፌ ለዚህ ነው።

ከየትኛው ወገን እንደሆኑ አልጠይቅም። አንዱ የእነዚያ ሰው ነው ይላል፣ ሌላው የለም የእነዚህ ነው ይላል፣ ሁለቱም ይምላሉ። ጨለማው ግን መታወቂያ አይጠይቅም፤ የእኔን ቤትም፣ ጥምቀቷን በጨለማ ያሳለፈችውን የጎረቤቴን የሸዋዬን ቤትም እኩል ነው የሚያጨልመው። በዚህ አድልዎ በማይታወቅበት አሠራርዎ ምስጋናዬ ይድረስዎ። ቅሬታዎቼን በቁጥር መደርደሬ የመሥሪያ ቤት አመል ሆኖብኝ ነውና አይቀየሙኝ።

1ኛ) አስቀድሜ ልጄን ላስተዋውቅዎ። ናጅዋ አማን ትባላለች፣ ያለችን አንድ ልጅ እሷ ናት። ጅዳ ስድስት ዓመት የሰው ልጅ አዝላ፣ የሰው ምንጣፍ አጥባ፣ ካቻምና ወደ ቤቷ ተመለሰች። ሻንጣዋ ሲከፈት ዘመድ ሁሉ ሽቶና ሻሽ ሲጠብቅ፣ እሷ የእንቁላል ማስፈልፈያ ማሽን ሥዕል ያለበት ወረቀት አውጥታ ዘረጋችልን። «እማ፣ የሰው ልጅ አሳድጌ መጣሁ፤ ከእንግዲህ ጫጩት ላሳድግ፣ ሁለተኛ ከአገሬ አልወጣም» ነበር ያለችኝ። የስድስት ዓመት ላቧን አፍስሳ ማሽኑን ከአዲስ አበባ አስመጣችው። አራት መቶ እንቁላል ይይዛል፣ ራሱ ያሞቃል፣ ራሱ ያገላብጣል። እንቁላሉን ከወረዳችን ከሀብሩ ገጠር ሴቶች ትገዛለች፤ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ ደግሞ ወልድያ ያለው የዶሮ መኖ ነጋዴ ሀጎስ ተረክቦ ሊያከፋፍልላት ተስማምተዋል። ማሽኑ ከመብራት በቀር የሚፈልገው ነገር የለም። ሃያ አንድ ቀን ሳያቋርጥ ከሞቀ ጫጩት ይወጣል፤ ካቋረጠ ግን የሚወጣው ግማት ነው።

2ኛ) የመጀመሪያውን አራት መቶ እንቁላል ባለፈው ሐምሌ አስገባች። እርስዎ በዘጠነኛው ቀን ምሰሶ ጣሉ። ሁለተኛውን በጥቅምት አስገባች፤ በአሥራ አራተኛው ቀን ጣሉ። ሦስተኛው አሁን ማሽኑ ውስጥ ያለው ሲሆን፣ የጣሉት በአሥራ ስድስተኛው ቀን፣ በከተራ ዕለት ነው። ከዙር ዙር ያሳዩትን መሻሻል ሳላደንቅ አላልፍም፤ በዚህ አካሄድዎ ከሁለት ዓመት በኋላ ሃያ አንዱን ሳያስደፍኑን አይቀሩም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። በጥቅምት ከሞቱት ናጅዋ አንዱን ሰብራ አይታው ነበር፤ ላባ አውጥቶ ምንቃሩን ክንፉ ሥር ሸጉጦ ነበር። እንቁላሎቹን ጓሮ ፓፓያው ሥር ቀበርናቸው። ፓፓያችን እንደ ዘንድሮ አፍርቶ አያውቅም፤ ለዚህም አላህ ይስጥልን።

3ኛ) ስለ ምሰሶ ካነሣሁ አይቀር በዚሁ ሰበብ የደረሰብንን ላጫውትዎ። በከተራ ዕለት መብራቱ ድርግም ሲል፣ ግራና ከተማ ላለው የባለቤቴ የአማን ታላቅ ወንድም ደወልኩ። ሐሳቤ እንቁላል የታቀፉ ዶሮዎች ካሏችሁ በቶሎ ይዛችሁልን ኑ ለማለት ነበር። ከድንጋጤዬ የተነሣ ግን እያለቀስኩ «ምሰሶው ወደቀብን፣ ቤታችን ጨለመ» ብዬ ጀመርኩ፣ ያን ጊዜም ኔትወርኩ ተቋረጠ። እንግዲህ በእኛ አገር አንዲት ሴት እያለቀሰች ምሰሶው ወደቀብን ካለች የብረት ነው የእንጨት ብሎ የሚጠይቃት የለም፤ ባሏ ሞቷል ማለት ነው። በማግሥቱ ጠዋት አንድ አይሱዙ ሙሉ ለቀስተኛ «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለ ከደጃችን ወረደ። አማን በራፉ ላይ ቁጭ ብሎ ለእንቁላሎቹ ማሞቂያ የፈላ ውሃ በጀሪካን ይሞላ ነበር። ወንድሙ ሲያለቅስ ሲያይ ከዘመድ ማን ሞተብኝ ብሎ እሱም ጮኸ፤ የሚለቀስለት ራሱ መሆኑን እስኪረዳ ድረስ ከሁሉም አስበልጦ አለቀሰ። ወይ ጉድ! ከዚያ በኋላ አንዱ ይስቃል፣ አንዱ ይቆጣል፣ አንዲት ዘመዳችንማ «ሽንኩርቴን እሳት ላይ ጥዬ የመጣሁት ለዚህ ነው ወይ?» ብላ፣ ለምን አልሞትክም የምትለው ያህል አማንን ስትገላምጠው ዋለች። ሁሉም ምሳ በልተው ተመለሱ። ዶሮ ግን አንድም ሰው ይዞ አልመጣም።

4ኛ) ዶሮዎቹን በመጨረሻ ያመጣችልን ሸዋዬ ናት። ጥምቀቷን ትታ፣ በአዲስ ቀሚሷ ከቤት ቤት እየዞረች የታቀፉ ዶሮዎችን ስትለምን ውላ አሥራ አንድ አገኘች። አንዲት ዶሮ ቢበዛ አሥራ አምስት እንቁላል ትይዛለች፤ ሒሳቡን ለእርስዎ ትቻለሁ። ይሁን እንጂ ዶሮዎቹ በማያውቁት ቤት፣ የማያውቁትን እንቁላል አንታቀፍም ብለው እርስ በርስ ተናቆሩ። አምስቱ ብቻ ናቸው በስንት ልመና የተቀመጡት። የቀሩት እንቁላሎች ብርድ ልብስ ለብሰው፣ በሙቅ ውሃ ጀሪካን ተከበው ማሽኑ ውስጥ አሉ፤ ናጅዋ ውሃውን በየሰዓቱ ትቀይራለች፣ ዓይኗ ቀልቷል። እኔም በበኩሌ ሰባቱን በጨርቅ ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ይዤ ነው ይህን የምጽፍልዎ። የእጅ ጽሑፌ ተጣሞ ካዩት ከዚያ የተነሣ ነው፤ እንዳይሰበሩብኝ ወደ ጠረጴዛው መጠጋት አልቻልኩም።

5ኛ) ጄነሬተር የላቸውም ወይ ብለው እንደሚያስቡ አውቃለሁ። አለን። ሀጎስ የራሱን ሱቅ አጨልሞ የእሱን በሚኒባስ ከወልድያ ልኮልናል፤ ሰው ማለት እንዲህ ነው። ችግሩ ቤንዚን ነው። ማደያው በጀሪካን አልቀዳም አለኝ፤ ምክንያቱን ብጠይቅ ቤንዚኑ ለእርስዎ እንዳይደርስ ተብሎ ነው። ለሥራ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ከቀበሌ ካመጣሽ ይቀዳልሻል አሉኝ። ቀበሌ ሄድኩ። ደብዳቤው በኮምፒውተር ተጽፎ፣ ፕሪንት ተደርጎ፣ ማኅተም ካላረፈበት ማደያው እንደማይቀበለው በትሕትና አስረዱኝና መብራት ሲመጣ እንድመለስ ነገሩኝ። መብራት የለም ብዬ የምጠይቀው ደብዳቤ መብራት ሲመጣ ይጻፍልሻል ማለት ነው! ሃያ ስምንት ዓመት በጣቴ ስጽፍ የኖርኩ ሰው ነኝና በእጄ ልጻፈው፣ እናንተ ማኅተሙን ብቻ ምቱበት ብዬ ለመንኩ፤ አይቻልም። እሺ ብዬ ጄነሬተሩን ራሱን በጋሪ አስጭኜ ማደያ ወሰድኩት፣ ጀሪካን አይደለም፣ ሞተር ነው፣ በቀጥታ ሆዱ ውስጥ ቅዱለት አልኩ። ቀጂው ዞር ዞር ብሎ ካየው በኋላ ታርጋ የለውም አለኝ። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ይሏል ይህ ነው። ጄነሬተሩን ይዤ ተመለስኩ፣ ባለጋሪውም ሒሳቡን አልቀበልም ብሎኝ ሄደ፤ ስቆብኝ ይሁን አዝኖልኝ አላወቅሁም።

6ኛ) ስለ ከተማው ብዙ አልልም፤ ሪፖርቱ ሳይደርስዎ አይቀርም። ወፍጮ ቤቱ ስለቆመ ገበሬው እህሉን በአህያ አምጥቶ በአህያ ይመልሳል፤ ሥራ የበዛላት አህያ ብቻ ናት። ብየዳ ቤት ያለው ሳሙኤል የጀመረው የመስጊዱ በር ግማሹ ተበይዶ ግማሹ ቀርቶ፣ ጠዋት ጠዋት መጥቶ አይቶት ይሄዳል። ማንጎ የሚጨምቁት ልጆች ማንጎውን በጥሬው ሲያዞሩ ይውላሉ፣ ሰው ሁሉ ደግሞ ጓሮው ማንጎ አለው። በሶላር ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ አንድ ሰው ብቻ ተመችቶታል፤ እርስዎን በዱዓ ሲያስብዎት በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

7ኛ) እስካሁን የቀለድኩት ይችን ቁጥር ላለመድረስ ነበር። አሁን ደረስኩ።

ናጅዋ ትናንት ጀሪካኑን እየሞላች፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «እማ፣ ይኼ ሦስተኛው ከሞተ እኔም እዚህ አልቀመጥም» አለችኝ። ደግሜ እንድትለው አልጠየቅኋትም። ልጄ ዋዛ የምትናገር አይደለችም፤ የመጀመሪያው ጊዜም እንዲሁ አንዴ ተናግራ ነው የሄደችው። በዚያን ጊዜ ግን በፓስፖርትና በአውሮፕላን ነበር። አሁን ፓስፖርቷ ጊዜው አልፎበታል፤ ለማሳደስ ሦስት ጊዜ ሄዳ ሦስት ጊዜ «ሲስተም የለም» ተብላ ተመልሳለች፣ ሲስተሙም እንደሚያውቁት በመብራት ነው የሚሠራው። ማሽኑን ልሽጠው ብትል መብራት በሌለበት አገር ማን ገዝቶ ምን ያደርግበታል? ወልድያ ሄጄ ልቀጠር ብትል፣ ሀጎስ ራሱ ሠራተኞቹን አሰናብቶ ብቻውን ቁጭ ብሏል። በየትም ብትዞር ግድግዳ ነው። አንድ ደላላ ብቻ አለ። ከሐራ ተነሥተው፣ በአፋር በረሃ በእግር፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ ጀልባ ነው የሚለው። እሱ ወረቀት አይጠይቅም፣ ሲስተም አይጠይቅም፣ ማኅተም አይጠይቅም። በወረዳችን መብራት ቢኖርም ባይኖርም የማይቋረጥ አገልግሎት የሚሰጠው እሱ ብቻ ነው።

ሸዋዬ ወንድሟን አበባውን በዚያ መንገድ ከሸኘች ይኸው አራት ዓመቷ ነው። ሞተ ብላ እርም አላወጣች፣ አለ ብላ አላረፈች፤ የማታውቀው ቁጥር በደወለ ቁጥር ከተቀመጠችበት ትነሣለች። እኔ እሷን እያየሁ ነው የምኖረው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል ነበር፤ በእርስዎ ዘመን እንቁላሉ ባለበት ቀርቶ ባለቤቷ በእግሯ ልትሄድብኝ ነው። ፈርቻለሁ፣ ክቡር ሆይ። ይህን ለአማን እንኳ አልነገርኩትም፣ ለእርስዎ ነው የነገርኩት። ከቤቴ ብወጣ ያመለጠችኝ ይመስለኛል፣ ከቤቴ ብቀመጥ ደግሞ ዓይኗን ማየት አልቻልኩም።

ስለዚህ የምጠይቅዎ የሚከተለውን ነው። ምሰሶ መጣልዎን ይተዉ ብዬ አላስቸግርዎትም፤ የሰው እንጀራ መንካት ነውር ነው ተብዬ ነው ያደግኩት። የምጠይቀው ፈረቃ ነው። ድሮ መብራት በፈረቃ ሲሆን ፕሮግራም ይወጣ ነበር፤ እርስዎም ፕሮግራምዎን ያውጡልንና ሃያ አንድ ቀን አብርተው በሃያ ሁለተኛው ይጣሉት፤ ጫጩቶቹ ወጥተው ሀጎስ እስኪረከባቸው ብቻ ይታገሡን። ለአሁኑ ዙር ደግሞ ጉዳዩ አስቸኳይ ነው። ሃያ አንደኛው ቀን የፊታችን ዓርብ ነው። ሊጠግኑ የመጡት ሠራተኞች ሐራ ላይ መኪናቸው ውስጥ ቁጭ ብለዋል፤ ወደ ወደቀው ምሰሶ ለመጠጋት እርስዎን ይፈራሉ። ለአንድ ቀን ብቻ ፊትዎን ወደ ሌላ ቢያዞሩላቸው፣ ሻይም ቢሆን ጠጥተው ቢመለሱ፣ እነሱ ገመዳቸውን ይቀጥላሉ፣ እኔም ልጄን ይዤ እቀራለሁ። ከዚህ የበለጠ የምጠይቀው የለም።

ለሚያደርጉልኝ ቀና ትብብር በቅድሚያ እያመሰገንኩ፣ ክንድዎ እንዳይዝል፣ መጋዝዎ እንዳይዶለድም፣ ቤትዎም ደጅዎም ያለ ጄነሬተር ብሩህ እንዲሆን እመኛለሁ።

ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር፣

ረሂማ ዓሪፍ
ጡረተኛ ታይፒስት፣ ጊዜያዊ ዶሮ
መርሳ

ግልባጭ፦
ነገሩ ከአቅማቸው በላይ ለሆነባቸው ሁሉ
ለማደያው፣ ለጄነሬተር ታርጋ የሚሰጠው ማን እንደሆነ እንዲገልጽልን
ለግራና ለቀስተኞች፣ አማን በሕይወት መኖሩን ለማረጋገጥ

ማስታወሻ፣ ጥር 25፦ አድራሻዎን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ደብዳቤው መሳቢያ ውስጥ ሰነበተ። ጠጋኞቹ በዚያ ሳምንት አልተጠጉም። ዓርብ ዕለት ሃያ አንደኛው ቀን ሞላ፤ ከአራት መቶው ሦስት ጫጩቶች ወጡ፣ ሁለቱ ከዶሮዎቹ ሥር፣ አንዱ ከእኔ ደረት። ናጅዋ ሦስቱንም በመዳፏ ይዛ ብዙ አየቻቸውና ለሸዋዬ ሰጠቻቸው። በማግሥቱ ቅዳሜ ጠዋት ሐራ ደርሼ ልምጣ ብላ ወጣች። ቦርሳ ስላልያዘች አልጠረጠርኩም። ስልኳ ዝግ ነው፤ ደላላው ቤትም ሄጄ ነበር፣ በሩ ተቆልፏል።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ጓሮ ልብስ ሳሰጣ ነበር። በእኛ ሰፈር መብራትን እንደ ሴት ልጅ ነው የምንጠራት፤ ስትጠፋ ሄደች፣ ስትመለስ መጣች እንላለን። ሕፃን አዋቂው «መጣች! መጣች!» ብሎ ሲጮኽ፣ እኔ እጄ እርጥብ እንደሆነ፣ ጫማዬን ሳላደርግ «የታለች? የታለች ልጄ?» እያልኩ አስፋልቱ ድረስ ሮጥኩ። ሲዘልሉ የነበሩት ሰዎች አዩኝና መዝለላቸውን አቆሙ። ሸዋዬ ክንዴን ይዛ አስገባችኝ።

አማን ማሽኑን ሰክቶታል። ባዶውን እየሞቀ ነው፣ ይነቀል ብዬ ብለምነው እምቢ አለኝ። እንግዲህ ከላይ ያቀረብኩትን የሃያ አንድ ቀን ጥያቄ በዚህ ማስታወሻ የሰረዝኩት መሆኑን በአክብሮት እየገለጽኩ፣ የሚቀጥለውን ምሰሶ በሚመችዎ ቀን መጣል ይችላሉ፤ በእኛ ቤት መብራት የሚጠብቅ ሰው የለም።